ጥርስና ጉሮሮ

ፕሪንስ ጆርጅ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከጣውላ ፋብሪካው ጓሮ፣
ጉርናም መጋዝ ይስላል፤ ሠላሳ ዓመት ሞላው ዘንድሮ።
እኔ ለማጅ ነኝ፣ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ፤
ከጫማዬ እስከ ሽሩባዬ ሰጋቱራ ነው ሀብቴ።

በመጀመሪያው ቀን ጠየቀኝ፦ «ከመጋዝ ምኑን ታያለሽ?»
«ጥርሱን» አልኩት። ሳቀ። «እንደ ደንበኛ ታስቢያለሽ።
ጥርስማ ሁሉም ያሳያል፤ ገበያ ላይ ጥርስ ነው ወሬው፤
አንቺ ግን ጉሮሮውን እዪ፣ እዚያ ነው የመጋዝ ፍሬው።»
ጣቱን በሁለት ጥርስ መካከል፣ ጎድጓዳው ውስጥ ከተተ፤
«የነከሰውን እዚህ ይይዛል እስኪተፋው፤ ከጠበበ ግን ሞተ።»

ሃያ አራት ጥርስ ያለው ይኸኛው፣ ጣውላ በቁመት የሚሰነጥቅ፣
ጉሮሮው እንደ ጉድጓድ ሰፊ፣ አፉን ሞልቶ የሚነጥቅ።
ሰማንያ ጥርስ ያለው ያኛው ጨዋ ነው፤ ጭረት አይተውም፤
ቸኩለሽ ከገፋሽው ግን እንጨት ያቃጥላል፣ አይታገሥም።

አንዱ ጥርስ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ያደላል፤
አምስተኛው ጠፍጣፋ ነው፣ እነሱ የተውትን መሀል ይጠርጋል።
«እንደ ሽማግሌ» ስለው፣ «ሽማግሌ ያወራል» አለኝ፤
«ይሄ ዝም ብሎ ይጠርጋል።» ደግሞ ሌላ መጋዝ ሰጠኝ፦
ጥርሱ ወደ ኋላ ያጋደለ፣ ለአሉሚኒየም የተሠራ።
«ወደ ፊት ካጎነበሰማ ብረቱን ይስባል፤ እጅሽን አደራ!»

ስለ ውፍረትም ነገረኝ፦ መጋዝ ባለፈ ቁጥር ጣውላው ይገብራል፤
ሦስት ሚሊ ሜትር። ግብሩን ሳይቆጥር የለካ አናጢ
መሳቢያው አልገጥም ሲለው ፋብሪካውን ያማርራል።

በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ የአንድ አናጢ መጋዝ መጣ፤
ከጠርዙ ወደ መሀሉ ስንጥቅ አየሁ፤ ላቤ ወጣ።
«ይሄ አልቋል» ብዬ በጠመኔ መስቀል አኖርኩበት፤
ከቁርጥራጭ ብረቱ በርሜል ወስጄ አስደገፍኩት።

ጉርናም አየው። አልተቆጣም። ጠመኔውን በክንዱ አበሰ፤
የስንጥቁን ጫፍ አሳየኝ፣ ክብ ቀዳዳ ላይ የደረሰ።
«ሲሽከረከር ጠርዙ ይግላል፤ የጋለ ብረት ይለጠጣል፤
መለጠጫ ካልሰጠሽው ይጣመማል፣ ይንቀጠቀጣል።
ስለዚህ አስቀድመው ይሰነጥቁታል፣ በልክ፣ በአራት ቦታ፤
ከቀዳዳው አያልፍም፤ ክቡ ያቆመዋል በጸጥታ።»

ዛሬ ከሰዓት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ መስኮቱ በበረዶ ታውሮ፣
የፋብሪካው ትልቁ መጋዝ መጣ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ታስሮ።
ጉርናም በመሀል ቀዳዳው መንጠቆ አግብቶ ሰቀለው፤
በመዶሻው እጀታ አንዴ፣ ሁለቴ ቀስ ብሎ አቃጨለው።
ሲመታው ዐይኑ እኔ ላይ ነበር፤ መጋዙን አላየም ጨርሶ።
«ምን አለ?» አለኝ። ዝም አልኩ። «ምን አለ?» ደግሞ መልሶ።

ያኔ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት በምላጭ ጩኸት መሀል የኖረ፣
ለእያንዳንዷ ቁራጭ ጣውላ ከጆሮው እየገበረ።

«አልዘመረም» አልኩት ጮክ ብዬ፤ «እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነው።»
ባትሪ አበራ፤ ከጉሮሮ ጉሮሮ እየዞረ ፈለገው።
እዚያ ነበር፦ ከአሥራ ሰባተኛው ጥርስ ሥር፣ ከጸጉር የቀጠነ፣
ማቆሚያ ቀዳዳ የሌለው ስንጥቅ፣ ወደ መሀል የተወጠነ።
ጠመኔውን ለእኔ አቀበለኝ። መስቀል አኖርኩ። አላበሰም።

ከመሳቢያው የጆሮ መሸፈኛ አወጣ፣ ከነፌስታሉ፣ አዲስ።
«ሞተር ሲዞር አጥልቂው፤ መጋዝ ስታንኳኪ አውልቂ» አለ።
ሹክ ሊለኝ ነበር ሐሳቡ፤ ጮኸ እንጂ፣ ወርክሾፑ እስኪሞላ፤
ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መጋዞች ተከተሉት በኋላ፣
ትልልቁ በወፍራም፣ ትንንሹ በቀጭን፣ በየልካቸው ዘመሩ፤
መንጠቆው ላይ ያለው ብቻ ዝም አለ፣ ከነመስቀሉ በግንባሩ።